ባይፓሱን የሚከፍተው የእኔ እጅ ነው፤ ጥፋቱስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ሞጆ አካባቢ ባለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተር ነኝ። ክረምት ላይ ዝናብ ሲበዛ ወይም መብራት ሲጠፋ አለቃዬ ይደውልና ‹ባይፓሱን ክፈተው› ይለኛል። ፍሳሹ ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ጠዋት መዝገቡ ላይ የተለመደውን ቁጥር ሞልቼ እወጣለሁ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ‹ወንዙ ስለሚሞላ ያቀጥነዋል፣ ቆዳ የምናለፋበት ኬሚካል፣ ክሮሙ፣ ደግሞ ጉዳት የሌለው ዓይነት ነው› ይሉናል። እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ሚስትና አንድ ልጅ አለኝ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው ወይስ የድርጅቱ? ጓደኛዬ ‹ቀርጸህ ቲክቶክ ላይ ልቀቀው› እያለኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ኃላፊነቱ የሁለታችሁም ነው። ትልቁን ሸክም ድርጅቱ ይሸከማል፤ አንተ ግን ነፃ አይደለህም። ይህን ያስቀደምኩት ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። «የእኔ ወይስ የእነሱ?» ብለህ ከጠየቅህ መልሱ ሁልጊዜ «የእነሱ» ይሆንልሃል፣ ባይፓሱም መከፈቱን ይቀጥላል። በዚያ ሌሊት ወንዙ ውስጥ ምን እንደገባ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። አለቃህ ቤቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ተኝቷል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚመጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ ባይፓሱ የሚከፈተው ከሌሊቱ 7 ሰዓት። የአንተ ኃላፊነት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሥልጣን ስላለህ አይደለም፤ የሚያውቀው ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ የነገሩህን ሁለት ነገሮች እናስተካክል።

«ወንዙ ያቀጥነዋል» የሚለውን በሒሳብ እንየው። ክሮም ገብቶበት ቆዳው ከተለፋበት ድራም የሚወጣው ውሃ በሊትር ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሚሊግራም ክሮም ሊይዝ ይችላል። 3 ሺህ ብለን እንያዘው። የአገራችን ደረጃ ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክሮም በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም አምስት በርሜል፣ እዚህ ደረጃ ላይ ለማድረስ 1,500 ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 0.05 ሚሊግራም ነው። እዚያ ለመድረስ 60 ሺህ ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ለአምስት በርሜል ነው። የእናንተ ድራም በአንድ ዙር ስንት በርሜል እንደሚደፋ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ደግሞ ክሮም እንደ ስኳር ሟሙቶ አይቀርም። ወንዝ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ከጭቃና ከደለል ጋር ይጣበቃል፣ ይዘቅጣል። ጎርፍ አያጠፋውም፤ ቦታ ያስቀይረዋል። ከሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ግድብ ይወስደዋል፣ ከቆቃ በአዋሽ ወደ ታች። አዋሽን ደግሞ አስብ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። እዚህ የተደፋው ከሞላ ጎደል እዚሁ አገር ውስጥ ይቀራል። የአዳማ ሰው የሚጠጣው ከአዋሽ የተቀዳ ውሃ ነው። ወንጂም መተሐራም ሸንኮራው የሚጠጣው ይህንኑ ወንዝ ነው። ከአንተ ፋብሪካ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ገበሬው ፓምፕ አስነስቶ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ያጠጣል። ተመራማሪዎች ከዚህ አካባቢ በወሰዷቸው የአትክልት ናሙናዎች ውስጥ ክሮም አግኝተዋል። ያ ሽንኩርት አዲስ አበባም ሞጆም ገበያ ይወጣል። አንተም ቤት ይገባል።

«ጉዳት የሌለው ክሮም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የሚያሳስት። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ሦስት የሚባለው ነው። ካንሰር ከሚያመጣው ክሮም ስድስት ጋር ሲነጻጸር መርዛማነቱ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ግን ዝቅ ያለ ማለት የለም ማለት አይደለም። ሁኔታው ከተመቸው ሦስቱ ወደ ስድስት ይለወጣል። ለምሳሌ ክሮም ያለበት የቆዳ ቁርጥራጭና ፍቅፋቂ ሲቃጠል ይህ ይከሰታል። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ዘበኞች በብርድ ሌሊት ይህን እያነደዱ ይሞቃሉ። የእናንተም ዘበኞች እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁማቸው።

ክሮም ላይ ብቻ ማተኮርም ስህተት ነው። ወንዙን ቶሎ የሚገድለው ሰልፋይዱ ነው። ፀጉር ለማርገፍ ከኖራ ጋር የምትጠቀሙበት ማለቴ ነው። ወንዝ ሲገባ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይበላል፣ ዓሣውም ሆነ ትንንሹ ነፍሳት ያልቃል። ለእርሱ የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1 ሚሊግራም ነው። ጨው ሌላ ጣጣ ነው። ጥሬ ቆዳው ታሽቶ የመጣበት ጨው ማጣሪያችሁ በደንብ ቢሠራም እንኳ አይወጣም፤ እንዳለ ያልፋል። ለጨው ያለው መፍትሔ ቆዳው ውሃ ከመግባቱ በፊት ጨዉን በደረቁ ማራገፍ ነው።

አሁን ስለ ራስህ ሕይወት ልናገር። ከጥያቄህ ውስጥ ያላነሳኸው፣ እኔን ግን ከሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

የኖራው መስመር ፍሳሽ ሰልፋይድ ይዞ ይመጣል። የክሮሙ መስመር ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ቦይ መሄድ አለባቸው። ባይፓስ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እርሱ ነው። «ሽታው ከጠፋ ጋዙም ሄዷል» ብለህ እንዳትታለል። መጠኑ ከፍ ሲል፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 አካባቢ ሲደርስ፣ አፍንጫ ይደነዝዛል፣ ማሽተት ያቆማል። ከዚያ እጅግ ሲበልጥ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል። በዓለም ዙሪያ ቆዳ ፋብሪካዎች ውስጥ በዚህ ጋዝ ሰው ሞቷል። አሟሟቱም ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፣ ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል፣ ሁለቱም ይቀራሉ። ስለዚህ ፓምፕ ተዘጋ፣ ቫልቭ ደረቀ ብለህ ብቻህን ሌሊት ጉድጓድ እንዳትገባ። የጋዝ መለኪያ፣ አየር ማስገቢያ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የታሰርክበት ገመድ፣ ገመዱን ከላይ የሚይዝ ሰው፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አትግባ። በመሐረብ አፍንጫ ሸፍኖ መግባት ምንም አይጠቅምም።

ለመሆኑ ባይፓሱ ለምን ይከፈታል? አለቃህ ክፉ ስለሆነ ነው ብዬ አላስብም። በሥራዬ ያየኋቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

አንደኛው ናፍጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ ድራሙን ያዞራል፣ ለማጣሪያው አየር የሚነፋውን ብሎወር ግን አያነሳም። ብሎወሩ ብዙ ኃይል ይበላል። ማጣሪያው አየር ሲያጣ በውስጡ ያሉት ቆሻሻውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ገንዳው ይሞላል፣ ከዚያ «ክፈተው» ይመጣል። ይህ እንግዲህ መብራት ኃይል ያመጣው ችግር ብቻ አይደለም። ድራሙ ይዙር፣ ብሎወሩ ይቁም ብሎ የወሰነ ሰው አለ። ሁለቱንም ማስኬድ ካልተቻለ መቆም ያለበት አዲስ ዙር መጫን ነው። ቆዳ ለጥቂት ሰዓት ቢዘገይ አይበላሽም፤ የጀመረ ዙር ይጨረስ፣ አዲስ ግን አይጫን።

ሁለተኛው የዝናብ ውሃ ነው። እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ ጠርቶኝ ነበር። «በክረምት ገንዳችን ይሞላል፣ ትልቅ ገንዳ ንድፍ ሥራልን» አሉኝ። ዝናብ እስኪመጣ ቆየሁ። ሲዘንብ ጃንጥላ ይዤ ከአንድ ኦፕሬተር ጋር ግቢውን ዞርኩ። የጥሬ ቆዳ መጋዘኑ ጣሪያ አሸንዳ አልነበረውም። ከዚያ ሰፊ ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ በሙሉ መሬት ላይ ያለውን ጨውና ደም እያጠበ በቀጥታ ፍሳሹ ቦይ ውስጥ ይገባ ነበር። ቦዩ ላይ ክዳን የለም። ገንዳውን የሚሞላው ፋብሪካው አልነበረም፤ ሰማዩ ነበር። ኦፕሬተሩ «እኔማ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ማን ጠየቀኝ» አለኝ። አሸንዳ ተሰቀለ፣ የቦዩ ዳር በብሎኬት ከፍ ተደረገ፣ ክዳን ተሠራለት። ወጪው ከአዲስ ገንዳ ጋር አይወዳደርም። በሚቀጥለው ክረምት ባይፓሱ ጨርሶ አልተዘጋም፣ ይህን ልዋሽህ አልፈልግም። ግን በየዝናቡ መከፈቱ ቀረ።

ሌላም አለ። ክሮሙን ለብቻው ይዞ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፣ ከዚያ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ እንደገና መጠቀም ይቻላል። ክሮም በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። በተለመደው አሠራር ከገባው ክሮም ሲሶ ያህሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ከውሃው ጋር ይደፋል። ለሥራ አስኪያጅ ስለ ወንዝ ከመናገር ይልቅ ስለዚህ ብትነግረው ጆሮ ይሰጥሃል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የተጣለው በመንግሥት ላይ ብቻ አይደለም፤ በዜጎችም ላይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀን «ማንኛውም ሰው» ይቀጣል። ግለሰብ ከሆነ ከ1 እስከ 10 ዓመት እስራት፣ ወይም ከ1 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም። ድርጅት ከሆነ የገንዘብ ቅጣቱ ከፍ ይላል፣ ኃላፊው ላይም እስራት አለ። የገንዘቡ መጠን ዛሬ አንድ በርሜል ኬሚካል አይገዛም። ይህ የሕጉ ትልቅ ድክመት ነው፤ ብዙ ፋብሪካም ይህን አስልቶ ቅጣቱን ይከፍላል እንጂ አያጣራም። እስራቱ ግን ለአንተም ለአለቃህም ተጽፏል። «ታዝዤ ነው» ማለት ቅጣትህን ሊያቀልልህ ይችል ይሆናል፤ ነፃ ያወጣኛል ብለህ ግን አትመካበት።

መዝገቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ስለ መዝገብ አንድ ነገር ላንሳ። የሐሰት መዝገብ ከሩቁ ይታወቃል። አንዴ የሰላሳ ቀን የፒኤች፣ ማለትም የፍሳሹ አሲድነት ልክ፣ መዝገብ አየሁ፤ ሰላሳውም ቀን 7.2፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ እሑድን ጨምሮ። እውነተኛ ማጣሪያ እንዲህ አይናገርም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ነገ ጉዳዩ ቢፈነዳ መዝገቡ ላይ የሚገኘው የአለቃህ ድምፅ አይደለም። የአንተ ፊርማ ነው።

እንጀራህን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም በክስ ስለተሳተፈ ማባረርን ይከለክላል። ብትባረር ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከስሰው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ይህ ጊዜ ካለፈ መብቱ ይቀራል። ሕጉ ከላይ ሲታይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን አሠሪ ሌላ ሰበብ ይፈልጋል፤ በማርፈድ፣ በዕቃ መጥፋት፣ በፈረቃ ለውጥ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓትህን አክብር፣ የተረከብከውን ዕቃ በፊርማ ተረከብ። ሰበብ አትስጣቸው።

ዝም ማለት ምን እንደሚያስከፍል ለማሳየት ወደ ጃፓን ልውሰድህ። ሚናማታ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። እዚያ የነበረው ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ወሽመጡ ይለቅ ነበር። ዓሣውን የበላ ሰው እጅ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ሕፃናት ገና በማኅፀን ሳሉ ተጎዱ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ ታወቀ። የፋብሪካው ሆስፒታል ሐኪም ሃጂሜ ሆሶካዋ እ.ኤ.አ. በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ለድመት ከምግብ ጋር ሰጡ። ድመቷ እንደ ሰዎቹ ታመመች። ድርጅቱ ውጤቱ እንዳይወጣ አደረገ፣ እርሳቸውም ዝም አሉ። ፍሳሹ እስከ 1968 ቀጠለ። ሐኪሙ በ1970 በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ለፍርድ ቤት መሰከሩ። ከድመቷ ሙከራ ፍሳሹ እስኪቆም ድረስ ዘጠኝ ዓመት ዓሣ ተበላ። በ1968 ደግሞ ከፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበራት አንዱ እስከዚያ ድረስ ከተጎጂዎቹ ጎን ባለመቆሙ ማፈሩን በይፋ አወጀ። እነዚህ ሠራተኞች እንደ አንተው ልጅ የሚያሳድጉ፣ እንጀራቸው እንዳይቋረጥ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ስጽፍልህ ልፈርድባቸው አይደለም፤ ዘግይተውም ቢሆን መናገራቸውን አከብራለሁ። አንተ ግን ገና አልዘገየህም።

እንግዲህ ምርጫህ ምንድን ነው? ሥራ መልቀቅ ራስህን ያድናል፣ ወንዙን ግን አያድንም። አንተ የወጣህ ቀን ሌላ ልጅ ይቀጠራል፣ ስልኩም ለእርሱ ይደወላል። ቲክቶክ ደግሞ ፈጣን ነው፣ ግን ለዚህ ጉዳይ መጥፎ ጅማሬ ነው። በሌሊት የተቀረጸ ጥቁር ውሃ ምን እንደያዘ አያሳይም። በዚያ ሰዓት ፈረቃ ላይ ማን እንደነበረ ግን ድርጅቱ በአንድ ደቂቃ ያውቃል። ስም አጥፍተሃል ብሎ ሊከስህም ይችላል። ቪዲዮው ሁለት ቀን ይዞራል፣ ከዚያ ይረሳል። ቀን የተጻፈበት አቤቱታ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ መልስም ይፈለግበታል።

እኔ የምመክርህ ይህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ባይፓሱን አትክፈት። አለቃህ ሲደውል አትጨቃጨቅ፤ «እሺ ጋሼ፣ ግን በቴሌግራም ይጻፉልኝ፣ መዝገቡ ላይ የማን ትእዛዝ እንደሆነ ማስፈር አለብኝ» በለው። ከልምዴ፣ ከእነዚህ ትእዛዞች ብዙዎቹ እዚሁ ላይ ይቆማሉ። በጽሑፍ ማዘዝ የሚደፍር ጥቂት ነው። በጽሑፍ ቢልክልህም አትክፈተው፤ መልእክቱን አስቀምጠው። መዝገቡን ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን ሙላ፤ መለኪያው ካልሠራ «አልሠራም» ብለህ ጻፍ። ገንዳው ሞልቶ ራሱ ቢፈስ ሰዓቱንና ምክንያቱን መዝግብ፣ ወዲያው ለኃላፊው አሳውቅ። ይህ ከመክፈት የተለየ ነገር ነው።

ቀጥሎ ችግሩን ከነመፍትሔው በአንድ ገጽ ጽፈህ ለሥራ አስኪያጁ አስገባ፤ አሸንዳው፣ ብሎወሩ ላይ ጀኔሬተር ማስገባት፣ ሁለቱን መስመሮች መለየት። ኮፒው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም አስመታ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ብቻህን አትሂድ፣ በማኅበሩ በኩል ይግባ። የጋዙን ጉዳይ አስቀድመህ አንሳ፤ የሠራተኛ ደኅንነት ስለሆነ ማንም «አያገባህም» ሊልህ አይችልም። ሁለት ሳምንት ስጣቸው። የሚታይ ነገር ካልተደረገ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክት። አዋጅ 300 ላይ አንቀጽ 11 እንደሚለው ለማመልከት የግል ጉዳት ደርሶብኛል ማለት አይጠበቅብህም። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠህ ወይም በውሳኔው ካልረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። አቤቱታህ ላይ ሰዓቱን ጻፍ፤ ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ሌሊት፣ በየትኛው ቱቦ። ተቆጣጣሪዎቹ በዚያ ሰዓት ካልመጡ ምንም አያገኙም። ናሙና አንተ አትውሰድ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ፍርድ ቤት ላይ ዋጋ የለውም፤ አወሳሰዱና አያያዙ የእነርሱ ሥራ ነው።

ያለፉት ሁለት ክረምቶች ይቀራሉ። ስለ እነርሱ አቤቱታህ ላይ ከመጻፍህ በፊት ጠበቃ አማክር። ገንዘብ ከሌለህ የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። የወንጀል ሕጋችን በራስ ፈቃድ ማመንንና መጸጸትን ለቅጣት ማቅለያ ይቆጥራል፤ ሆኖም ምን እንደሚወሰን ማንም አስቀድሞ ቃል ሊገባልህ አይችልም። የድሮውን መዝገብ ግን እንዳትነካ። መቅደድም ማረምም አሁን ካለብህ የባሰ ጥፋት ነው።

የሚቀጥለው ዝናብ ሲጥል ጃንጥላህን ይዘህ ውጣ። የጥሬ ቆዳ መጋዘኑ ጣሪያ ውሃ የት እንደሚወርድ ተከትለህ እይ፣ በስልክህም ያንን ቅረጽ። ለሥራ አስኪያጁ የምታስገባው ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ከዚያ ይጀምር።